ከገዛ አፏ

«ቢጫው ይሻላል» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ነጭ ቆብ ቶሎ ይቆሽሻል፤ እሷ ደግሞ ስትበላ ታንጠባጥባለች።»

«ቆብ ራስ ላይ የሚደፋ መስሎኝ፣ እትዬ። በአፏ ነው እንዴ የምታጠልቀው?» አለች እህታቸው በለጡ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ሁለቱም ሳቁ። ጽጌ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ መሐል ለመሐል ገመድ ተወጥሮ አበባ ያለበት ጨርቅ ተሰቅሎበታል። ከጨርቁ ወዲያ ሶፋው፣ ራዲዮውና የእንግዳ ወንበሮቹ አሉ፤ ወዲህ እሷ አለች። ጨርቁ ዓይን ይከለክል ይሆናል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ነገር ግን አማቷ ወይዘሮ እልፍነሽና እህታቸው፣ ጽጌ ጆሮ እንዳላት ከረሱ ወራት አልፈዋል። ከአልጋው ሥር ያለውን ፖፖ ከጠዋት ጀምሮ የደፋው ሰው የለም። ሽታው ሲበረታ በለጡ «ውይ» ትልና አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዛለች፤ ተነስታ ግን አትደፋውም። ጽጌ ቀኝ እጇ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ታያለች። ዝንቧ ከአውራ ጣቷ ተነስታ እስከ ክንዷ ስትሄድ አይሰማትም። በግራ እጇ አባረረቻት፤ ተመልሳ እዚያው አረፈች።

የሚሰፋው ቆብ የጽጌ ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽ ጨርቁን ትናንት ሸዋ በር ገበያ ሄደው፣ ነጋዴውን ለመነኩሲት ነው ብለው አስቀንሰው ነው የገዙት። ለጽድቅ ሥራ ዋጋ ይቀነሳል፤ ነጋዴውም «ለነፍሴ» ብሎ አንድ ስንዝር ጨመረላቸው። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ርካሽ ቲማቲም እንዳገኘ ሰው ደስ ያለው ነበር።

«የአስቴርስ ሆድ እስከ ፋሲካ ዝም ይላል ይላሉ?» አለች በለጡ።

«ነጠላዋን ሰፋ አድርጋ ትለብሳለቻ። አንዴ ይቺ ትመንኩስ እንጂ የቀረው ቀላል ነው።»

አስቴር የጽጌ ባል ለገሠ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ጽጌ አይታት አታውቅም፤ ጫማዋ ተረከዙ ረጅም እንደሆነ፣ ጎመን እንደማትወድ፣ በጥር እንዳረገዘች ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ሰምታለች። ችግሩ ጽጌና ለገሠ የተጋቡት በቁርባን መሆኑ ነው። በሰማንያ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ተቀምጦ ያፋታቸው ነበር። ቁርባን ግን አይፈታም፤ ከሁለቱ አንዱ ካልሞተ ወይም ካልመነኮሰ በቀር። ጽጌ ደግሞ አልሞተችም። መመንኮሱም ቢሆን ያው ሞት ነው፤ የምትመነኩሰዋ ሴት ተከናንባ ትተኛለች፣ ለሬሳ የሚደገመው ፍትሐት በቁሟ ይደገምላታል፣ ስትነሳ ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ቤት የላትም። ቤቱ የጽጌ ነው፤ አባቷ ጣልያን በወጣ ማግስት በፈላና በር በኩል ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት ነው። እሷ ስትመነኩስ ለስድስት ዓመቷ ልጇ ለሮማነወርቅ ያልፋል፤ ሮማነወርቅ ሕፃን ስለሆነች አባቷ ይጠብቅላታል፤ አባቷ ደግሞ አስቴርን ያስገባበታል። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የጽጌ የነፍስ አባት አባ ኪዳነወልድ ይመጣሉ። ፈቃዷን ከገዛ አፏ ሳልሰማ ወደ ገዳም አልልክም ብለዋል።

ከገዛ አፏ የሚወጣውን ነገር ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጽጌ ሮማነወርቅን ከወለደች ጀምሮ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት፣ ጋደም ስትል ያፍናት ነበር፤ የልቧ በር ጠቧል ተባለ። በስልሳ አራት ዓ.ም. ክረምት እርዳታ ተገኝቶ ጀርመን አገር ልቧ ተከፍቶ ተሠራ። በሩ ሰፋ። ሐኪሞቹ እሱን ሲያሰፉ ግን ልቧ ውስጥ ተለጥፋ የኖረች የረጋች ደም ተላቀቀችና ወደ አንጎሏ ወጣች፤ ጽጌ ስትነቃ ትንፋሿ ተመልሶ ነበር፣ ቀኝ ጎኗና ምላሷ ግን አብረዋት አልነቁም። እዚህ ያለው ሐኪም ለለገሠ ደጋግሞ ነግሮታል። «የምትሏት ይገባታል፤ የጠፋባት መናገሩ ነው እንጂ ማወቁ አይደለም። አነጋግሯት፣ እግሯንና ክንዷን አሠሯት» ብሎታል። ለገሠ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እሺ፣ እሺ አለና ቤት ገብቶ ለእናቱ የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልቧ ድኗል አለ»። እናቱም የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። ፈረንጆቹ ልቧን ከፍተው ያለባትን የዓለም ሐሳብ አውጥተው ጣሉት፤ የቀረውን ቦታ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ ያዘው።

ይህን ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ጽጌ ከጀርመን የተመለሰች ዕለት ልጇ ፊቷ መጥታ ቆመች። ጽጌ «ሮማን» ልትል ነበር። ቃሉ ወለል ብሎ ይታያታል፤ አፏን ስትከፍት ግን የወጣው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ነው፤ አንዲት ፊደል ሳትሰበር። ወይዘሮ እልፍነሽ እዚያው ተንበረከኩ። አባቷ በልጅነቷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በየማለዳው በግዕዝ ያስደግሟት የነበረው ጸሎት፣ ደሙ ካጠፋው ሁሉ መሐል እሱ ብቻ ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲጠማት አቡነ ዘበሰማያት ይወጣል። ሽንቷ ሲመጣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይወጣል፤ አንዴ ከጀመረ እስኪያልቅ አይቆምላትም፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ሽንቱም አልቋል። አማቷን ውሸታም ልትላቸው አፏን ስትከፍት «አሜን» ትላለች። ራቅ ብሎ በሐኪም ጋራ በኩል የሚኖሩ ሴቶች ሳይቀሩ ወሬውን ሰምተው እየመጡ ይሰሟታል።

ሌላውንም መንገድ ሞክራለች። ራሷን በእምቢታ ስትነቀንቅ ወይዘሮ እልፍነሽ ትሕትና ነው አሉ፤ እንዲህ ያለ ጸጋ የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ አይገባኝም ይላልና። ጥርሷን ነክሳ ዝም ስትል አርምሞ ይዛለች ተባለ። ስታለቅስ የእንባ ጸጋ ተሰጣት ተባለ። አንድ ቀን በንዴት ሳህን ወርውራ ግድግዳው ላይ ሰበረች፤ የዓለምን ምግብ ናቀች ተባለ፤ በማግስቱም ቁርሷ ተቀነሰ።

ወይዘሮ እልፍነሽ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ጠረጴዛ ያበሱበትን ጨርቅ እንደያዙ ነበር፤ በዚያው የጽጌን አገጭ ጠረጉ። ጨርቁ ሽሮ ሽሮ ይላል። የማትታዘዘዋን ቀኝ እጇን እንደ እንጨት አንስተው ነጩ ቀሚስ እጅጌ ውስጥ ጨመሩት። «ሮማን፣ ነይ እናትሽን ሳሚ» አሉ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች፤ ከጥምቀት ወዲህ የምታድረው አያቷ ጋ ነው። «ምን ትያታለሽ?»

«እማሆይ።»

«ጎሽ» አሉና ከረሜላ ሰጧት።

እማዬ በይኝ ልትላት ጽጌ አፏን ከፈተች። «ይትቀደስ ስምከ» አለች። ልጅቷ ከረሜላዋን ጨብጣ ወደ ኋላ ሸሸች። ወይዘሮ እልፍነሽ አማተቡ፤ ከዚያ መሐረብ አወጡና ከረሜላው የነካውን የገዛ ጣታቸውን በጥንቃቄ ጠረጉ።

እንግዳ እስኪመጣ ክፍሉ ይናፈስ ተባለና ጽጌን ደግፈው አውጥተው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ቀኑ እሑድ ነው፤ ከከተማው ግንብ ውስጥ የመውሊድ ከበሮ ይሰማል። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ቡሽራ በአጥሩ ክፍተት ገባች። እጇን አዲስ ሒና ሞቃ ነበር። ቡሽራና ጽጌ በአንድ ጎዳና አቧራ ነው ያደጉት፤ ቡሽራ ከጽጌ ጋር ስታወራ መልሱን እንደሰማች አድርጋ ነው የምትቀጥለው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነች።

«አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ እንደ ሙሽራ ለብሰሻል። ማን ሊወስድሽ ነው?» አለች። ጽጌ በግራ እጇ ደጃፉ ላይ ወዳለው የበለጡ ስፌት አመለከተች። ቡሽራ ቢጫውን ቆብ አየች፣ ጽጌን አየች፣ ሳቋን አቆመች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብታ ፖፖውን ይዛ ወጣች።

«ተይው ቡሽራ፣ እኛ እንደፋዋለን» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«ከጠዋት ጀምሮ እያላችሁ ነው እኮ፣ እትዬ እልፍነሽ። ወላሂ ሽታው አጥር ዘሎ እኛ ቤት የመውሊድ እንግዳ ሆኗል።»

ደፍታው፣ አጥባው፣ ቦታው መልሳው ሄደች። ወይዘሮ እልፍነሽ «እነሱ ሽታ አይችሉም» አሉ ለበለጡ፤ የተናቁ እንጂ ያፈሩ አይመስሉም ነበር።

ቅዳሴ ሳይወጣ ሁለት ሴቶች መጡ፤ አንዷ፣ ካገባች ዓመታት አልፈው ገና ያልወለደች ወጣት አስከትላለች። ወይዘሮ እልፍነሽ እስከ ግቢው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ልጅቷ ተንበርክካ የጽጌን ቀኝ እጅ ሳመችው፤ ያንኑ ዝንብ የሚሄድበትን። ግንባሯን አሳረፈችበት፣ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ስትለቀው እጁ ተንሸራቶ ወረደ። ጽጌ ልጅቷን «ተነሽ» ልትላት ፈለገች፤ ምናልባት ችግሩ የባልሽ ነው ልትላትም ፈለገች። አቡነ ዘበሰማያት ወጣ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ጧፍ ትተው ሄዱ፤ በለጡ ጧፉን አሽትታ ከመሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ለገሠ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ከአጎቱ ከአቶ ዘውዴ ጋር። አቶ ዘውዴ ጡረታ የወጡ የፖሊስ መኮንን ናቸው፤ በተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ዳኛ ናቸው። ለገሠ በጽጌ ፊት አለፈ። ከታመመች ወዲህ እሷን የሚያናግረው በእናቱ በኩል ነው፤ «በላች?» «ተኛች?» ይላል፤ ልክ ስለ ላም እንደሚጠይቅ። ዛሬም «ተዘጋጀች?» አለ። ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ሸሚዙ ላይ የማታውቀው ሽቶ አለ። አገባሃለሁ ብላ ቃል ስትሰጠው አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ቃል የምትሰጥበት አፍ ያኔ ነበራት።

መጋረጃው ተሰበሰበ። ጽጌን ከእንግዳ ወንበሮቹ በአንዱ ላይ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጧት፤ ሲያዘነብላት በትራስ ደገፏት። አባ ኪዳነወልድ ደከም ብለው ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከሌሊት ጀምረው ቆመው እግራቸው አብጧል፤ እህልም ገና አሁን ነው የቀመሱት። መስቀላቸውን አሳለሙ። ጽጌ ስትሳለም ምራቋ መስቀሉ ላይ ቀረ፤ አባ ምንም ሳይሉ በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«እንግዲህ አባቴ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ «ልጄ ናት፣ ከልጄ አላሳንሳትም። ግን እግዜር የመረጠውን ሰው እኔ ይዤ ላስቀር?»

«ማንም አያስቀርም። እኔ የመጣሁት እሷን ልሰማ ነው።»

«ሌላ ነገር እኮ አትናገርም። ጸሎት ብቻ ናት። ቤቱን እኮ ደብር አድርጋዋለች።»

«ምስክር ይበቃል» አሉ አቶ ዘውዴ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየተከሉ። «ሠፈሩ ያውቃል። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ተሰምቷል።»

አባ እጃቸውን አነሡ። ወንበራቸውን ወደ ጽጌ አዙረው ጎንበስ አሉ፤ ትንፋሻቸው የተልባ ሽታ ነበረው። «ልጄ» አሉ፣ «ይህን ዓለም ትተሽ ለመመንኮስ ፈቃድሽ ነው?»

ጽጌ ራሷን ነቀነቀች፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

«አይገባኝም ማለቷ ነው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ ቶሎ ብለው። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ትሕትና።»

«እውነት ነው፣ ደጋጎቹ መጀመሪያ እምቢ ነው የሚሉት» አለች በለጡ። አባ በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አንብበዋል። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ለጽጌ ገባት። ለገሠን አየችው። ለገሠ የራዲዮውን ቁልፍ እያሻሸ ነበር። እንባዋ እንዳይመጣ ምላሷን ነከሰች፤ እንባም ለእነሱ ይጠቅማል።

«እንግዲያውስ ልባርካትና የምትመልሰውን እንስማ» አሉ አባ ኪዳነወልድ። ጽጌ አፏን ዘጋች። ግራ እጇን አምጥታ ከንፈሯን ጨመቀችው። አባ መስቀሉን ራሷ ላይ አድርገው ጀመሩ፤ ዜማው ደግሞ አባቷ በየማለዳው የሚጀምሩበት ዜማ ነበር። ቃሉ ከሆዷ ሲነሳ፣ ጉሮሮዋን ሲያልፍ፣ እንደ ማስታወክ ሲመጣ ተሰማት። «እግዚአብሔር ፈቃድሽን ይፈጽምልሽ፤ ለመረጠሽ ቦታ ያብቃሽ» አሉ አባ። በጣቶቿ መሐል ወጣ፤ ጥርት ብሎ።

«አሜን።»

ወይዘሮ እልፍነሽ እልል አሉ። አቶ ዘውዴ «በቃ፣ ከገዛ አፏ» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። በለጡ ቆቡን ዘርግታ ልኩን ከሩቅ መተረችው። አባ ገና አልተነሡም፤ ጽጌን እያዩ ነበር፤ ግን የደከመ ሰው ናቸው፤ የሰሙትንም ሰምተዋል። ለገሠ ትንፋሹን ለቀቀ። ጽጌ ሰማችው፤ የተሸከመውን ጆንያ ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነበር። ከሁሉም ነገር ይልቅ ያ ትንፋሽ አስጠላት።

«ሰላም ዋላችሁ» አለች ቡሽራ ከበሩ። ክዳን ያለው ሰፌድ በአንድ እጇ ተሸክማ ነበር፤ ከቤት ወደ ቤት ድግስ የምታደርስበት ሰዓት ነው። ሰዎቹን ስታይ አፈረች። «ኧረ ሽማግሌ ተቀምጧል ለካ። ቴምሯን ሰጥቻት ልሂድ፤ ይሄ የአክስቴ ነው፣ እንዳይቀዘቅዝባት።» ሰፌዱን ከጽጌ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አሳረፈችና በወረቀት የተጠቀለለውን ቴምር ከመቀነቷ መፍታት ጀመረች።

ከክዳኑ ሥር የሥጋና የሄል ሽታ ወጣ። ጽጌ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ እነሱ እንደፈለጉ ሊተረጉሙት የማይችሉት ነገር። በግራ እጇ ክዳኑን ገፋችው። ሩዝ ነበር፤ በላዩ የበግ ሥጋ ተቆልሏል። አንድ ቁራጭ አነሣች።

«ኧረ አቦ፣ እህቴ፣ እሱን ተይ» አለች ቡሽራ። «የኛ ሥጋ ነው። ያንቺ ቴምሩ ነው።»

ጽጌ ሁሉም እስኪያዩዋት ጠበቀች። አባ ኪዳነወልድን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ከዚያ ሥጋውን አፏ ውስጥ ከተተችው። በዚህ ከተማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሙቀጫ ይዋዋሳሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ አቅፎ ያሳድጋል፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይቀምስም። የቀመሰ ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። ሁዳዴ ጾም መሆኑን እንኳ ለጊዜው ያስታወሰ አልነበረም። ጽጌ በግራ መንጋጋዋ አኘከች፤ ቅባቱ በማይሰማት በኩል ወጥቶ በአገጯ ወረደ፣ ነጩን ቀሚስ ነካ። ሁለተኛ ቁራጭ አነሣች። ሩዙ ደረቷ ላይ ተዘራ። በለጡ ቆቡን ወደ ኋላዋ ደበቀችው፤ እሱም እንዳይረክስ።

«አላወቀችም» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። ፊታቸው ነጭ ሆኗል። «አባቴ፣ በሽተኛ እኮ ናት፤ የምታደርገውን አታውቅም።»

«አታውቅም?»

«ምኑን ታውቃለች፣ እንደ ሕፃን ናት እኮ። የሰጧትን ነው የምትበላ።»

አባ ኪዳነወልድ ቀና ብለው ወይዘሮ እልፍነሽን አዩ። «አሁን ፈቃዷን ታውቃለች ብለሽኝ ነበር» አሉ። «የምትበላውን ያላወቀች መመንኮሷንም አታውቅም፤ ያላወቀ ሰው አይመነኩስም። አውቃ ከሆነ ደግሞ መልሷ ይኸው ነው።» ወደ ጽጌ ዞሩ። «ልጄ፣ ያረደው ማን እንደሆነ አውቀሽ ነው የበላሽው?»

ጽጌ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ታች፣ ራሷን ነቀነቀች። በቅባታም ጣቷ ቡሽራን አመለከተች። ከዚያ ጣቷን በገዛ አንገቷ ላይ አሳለፈችው፤ ቢላ እንደሚያልፍ።

«ወላሂ አጎቴ ነው ያረደው» አለች ቡሽራ በቀስታ፣ ጥያቄው ለእሷ የመጣ መስሏት።

«ታውቃለች» አሉ አባ። ቃሉን የተናገሩት ለጽጌ አልነበረም፤ ከወንበራቸው እየተነሡ ለግድግዳው ነበር። ፊታቸው ላይ ምሕረት አልነበረም፤ ሊያታልሉት እንደነበር የገባው ሰው ፊት ነበር። «ሁሉንም ታውቃለች።»

«ታዲያ በዚህ በዚህ ቁርባኑ ፈረሰ አይባልም ወይ?» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ንስሐ ትገባለች፣ ጠበል ትጠመቃለች። እሱ የእኔና የእሷ ነው፣ አቶ ዘውዴ።» አባ በትራቸውን ይዘው ለገሠ ፊት ሄደው ቆሙ። «ይህችን ሴት የማይፈልግ ሰው እዚህ ቤት ካለ ከእሷ አፍ አይፈልግ። አፍ አለው፣ ይናገር። የምትለው ምንድን ነው፣ ለገሠ?»

ለገሠ አፉን ከፈተ። እናቱን አየ። እናቱ ወለሉ ላይ የተዘራውን ሩዝ ይቆጥሩ ይመስል ነበር። ጫማውን አየ፣ ራዲዮውን አየ። ጤነኛ ምላሱ ወጥቶ ከንፈሩን አረሰና ተመልሶ ገባ። «እኔማ...» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣለትም።

ቡሽራ ሰፌዷን አላነሣችም፤ ለአክስቷ የሚሆን ነገር አልቀረበትም። ጽጌ የያዘችውን ዋጠች። አገጯን የሚጠርግላት አልመጣም፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ራሷ ጠረገችው። ከዚያ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ባሏን ትጠብቀው ጀመር። አልቸኮለችም። ቃል ከሰው አፍ እስኪወጣ መጠበቅ ምን እንደሚመስል በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።